ለሥራ ስንጠየቅ

ሥራ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ ማስታወቂያ ያነባል። ቀጥሎ ማመልከቻ ያስገባል። ከዚያ ይጠራና ቀጣሪዎች ፊት ተቀምጦ ይጠየቃል። ይህ ቃለ መጠይቅ ይባላል። ብዙ ሰው ሥራውን እየቻለ እዚህ ላይ ይወድቃል። ለምን?

አንዱ ምክንያት አስተዳደጋችን ነው። በእኛ አገር ልጅ በትልቅ ሰው ፊት አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲናገር ይመከራል። ራስን ማወደስም ነውር ነው። ይህ መልካም ጠባይ ነው። ነገር ግን ቀጣሪው ጎረቤታችን አይደለም፤ ስንሠራ አላየንም። ካልነገርነው ከየት ያውቃል? "ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል" ይባል የለ!

ይህ በእኔም ደርሷል። ለክረምት ሥራ ተጠርቼ "ምን ትችላለህ?" ቢሉኝ "ኧረ ምንም" አልኩ። ሥራውን ሌላ ሰው ወሰደው። ቢስቲማ ውስጥ ይህን ለማታ ተማሪዎች ባወራላቸው ሁሉም ሳቁ። አንዲት እናት ግን አልሳቁም።

"ልጄ፣ ሽማግሌ ፊት ለምስክርነት ብትጠራ ያየኸውን ትደብቃለህ?" አሉኝ።

"አልደብቅም" አልኳቸው።

"ያላየኸውንስ ትጨምራለህ?"

"አልጨምርም።"

"እንግዲያው ስለ ራስህም እንደዚያው መስክር" አሉ።

ነገሩ ይኸው ነው። ምስክር ያየውን ይናገራል እንጂ አይፎክርም። አንዲት የቢስቲማ ልጅ በኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ወይም በሐምሌ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሥራ ተጠየቀች እንበል። "ምን ሠርተሽ ታውቂያለሽ?" ሲሏት "ምንም" ካለች ሥራዋን ደበቀች። "እኔን የሚያህል የለም" ካለችም ፎከረች። እንዲህ ብትልስ?

"እናቴ ገበያ ስትሸጥ ሦስት ዓመት ሒሳቡን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ጥጥ እፈትላለሁ። በፋብሪካ መኪና ግን ሠርቼ አላውቅም፤ ቢያሳዩኝ እማራለሁ።"

ይህ መልስ ሥራን፣ ጊዜን፣ የጎደለውንም ይናገራል። ስለዚህ ይታመናል።

ሥራ አቋርጦ የቆየ ሰውም ምክንያቱን መደበቅ የለበትም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎች ተዘርፈው ብዙ ሠራተኛ ቤቱ ቀርቷል። "ፋብሪካው ሥራ ስላቆመ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ይህን ስሠራ ቆየሁ" ብሎ በአጭሩ መመለስ ይበቃል።

ከቀጠሮው በፊት እነዚህን እናስተውል፦

ሀ. ማስታወቂያውን ደግመን እናንብብ። ለሚጠይቀው ለእያንዳንዱ ነገር ከሠራነው አንድ ምሳሌ እናዘጋጅ። ጮክ ብለን ለወዳጅ እንንገረው።

ለ. መታወቂያንና የምስክር ወረቀትን ከነቅጂው ማታውኑ እናዘጋጅ።

ሐ. ከቢስቲማ በሐይቅና በደሴ አልፎ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ መድረስ ጊዜ ይወስዳል። ከጧቱ በ2 ሰዓት የተቀጠረ ሰው ዋዜማውን ዘመድ ዘንድ ቢያድር ይሻለዋል።

መ. ጥያቄው ካልገባን "ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ" እንበል። ሳይገባ መመለስ ይብሳል።

"ተቀጥረሃል" ወይም "ተቀጥረሻል" ሲባል ደስ ይላል። ሆኖም አሁን የመጠየቅ ተራው የእኛ ነው። ደመወዙ ስንት ነው? የሥራ ሰዓቱስ? በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ስምምነት ይደረጋል፤ ከ60 የሥራ ቀንም አይበልጥም። በሙከራ ጊዜ አሠሪው ሠራተኛው ለሥራው አይሆንም ካለ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ ሙከራው መቼ እንደሚያልቅ ማወቅ ይጠቅማል።

ውል ሲሰጠንም ቁጭ ብለን እስከ መጨረሻው እናንብብ። ድሮ "እዚህ ላይ ፈርም" ሲባል አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ የሚያትም፣ ምን እንዳለበት ግን የማያውቅ ስንቱ ነበር! ፊደል የቆጠርነው በማናውቀው ነገር ላይ እንዳንፈርም ነው።

ጥያቄዎች

1. በምስክርነትና በፉከራ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. እስከ ዛሬ ከሠራችሁት ሥራ ሦስቱን ጻፉ። ለእያንዳንዱ ጊዜውን ጨምሩ።
3. ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ አንዱ ቀጣሪ ሌላው ሥራ ፈላጊ በመሆን ተጠያየቁ።