የአንባቢ ቃል ወይስ የማሽን ቃል? በፋን ፊክሽን ላይ የሚጻፉ የስፓም አስተያየቶችን ስለ መለየት

ፋን ፊክሽን፣ በእኛ አነጋገር የአድናቂዎች ልብ ወለድ፣ አንድ አንባቢ የወደደውን የድርሰት ወይም የፊልም ገጸ ባሕርይ ወስዶ በራሱ ፈጠራ የሚጽፈው ታሪክ ነው። አርተር ኮናን ዶይል እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ሼርሎክ ሆምስን በታሪክ ውስጥ ሲገድለው አንባቢዎች አምርረው ተቃውመው ነበር። ደራሲው ሆምስን ከሞት የመለሰው በ1903 ነው። የዛሬ አድናቂ ግን 10 ዓመት አይጠብቅም፤ ቁጭ ብሎ ራሱ ይጽፋል። የሚጽፍበትም ቦታ አለው። ፋንፊክሽን ዶት ኔት እ.ኤ.አ. በ1998፣ አርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን ደግሞ በ2009 ለጸሐፊዎች ተከፍተዋል። ሁለተኛው በ2019 የሁጎ ሽልማት እስከ ማግኘት ደርሷል።

ታዲያ ይህ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምኑ ነው ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። የፋን ፊክሽን ጸሐፊ ክፍያ የለውም፤ አሳታሚም የለውም። ደመወዙ ከታሪኩ ሥር የሚጻፍለት አስተያየት ብቻ ነው። ስለዚህ ማሽን የጻፈው ሙገሳ ሲመጣለት በሐሰተኛ ብር የተከፈለው ያህል ነው። በእኔ እምነት ደግሞ ከዚህ የባሰ ጉዳት አለ፤ ጸሐፊው አንዴ ከተታለለ በኋላ እውነተኛውንም ብር መጠርጠር ይጀምራል።

ስፓም አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1978 አንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኛ በአርፓኔት አማካይነት ለ400 ያህል ሰዎች ያልጠየቁትን ማስታወቂያ ልኮ ነበር። በፋን ፊክሽን ላይ የሚታየውን ግን በሦስት ከፍዬ አየዋለሁ። የመጀመሪያው የቆየው ዓይነት ነው፤ ስለ ታሪኩ ምንም ሳይል ማስፈንጠሪያ አስቀምጦ ይሄዳል። ይህን ማንም ያውቀዋል። ሁለተኛው ሙገሳ ነው፤ «ታሪክህ ድንቅ ነው፣ እኔ ሠዓሊ ነኝ፣ በሥዕል ብሠራልህስ? በሌላ መስመር እናውራ» ይላል። መጨረሻው ገንዘብ መጠየቅ ነው። ሦስተኛው ስድብ ነው፤ ጸሐፊውን «ይህን የጻፈልህ ማሽን ነው» ብሎ ይከሰዋል። አስገራሚው ነገር ከሳሹ ራሱ ማሽን መሆኑ ነው።

እንዴት እንለያቸው? አንደኛው መንገድ «የማዛወር ፈተና» ብዬ የምጠራው ነው። አስተያየቱን ከታሪኩ ነቅለን ሌላ ታሪክ ሥር ብንተክለው ይበቅላል ወይ? ለምሳሌ ሆምስ ከሞተ በኋላ ዋትሰን ብቻውን ስለሚኖርበት ጊዜ የተጻፈ ታሪክ አለ እንበል። «ገጸ ባሕርያቱ ሕያው ናቸው፣ አጻጻፍህ ልብ ይነካል» የሚለው አስተያየት ለዚህም ይሆናል፣ ስለ ዘንዶ ለተጻፈም ይሆናል። «ዋትሰን ሁለት ስኒ ሻይ ቀድቶ አንዱን ሳይነካው የተወበት ቦታ ላይ ንባቤን አቆምኩ» የሚለው ግን የትም ሊሄድ አይችልም።

ሁለተኛው ዝርዝሩ ከየት እንደ ተገኘ መጠየቅ ነው። ማሽኑ የገጸ ባሕርያቱን ስምና ጭብጡን ከርዕሱና ከማጠቃለያው ሊለቅም ይችላል። የሰውን ቃል መልሶ ለሰው መስጠት የቆየ ዘዴ ነው። ጆሴፍ ዋይዘንባውም እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረገው ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ሰዎች የተናገሩትን ወደ ጥያቄ እየለወጠ ይመልስላቸው ነበር፤ ሰዎቹም የገባው እየመሰላቸው ልባቸውን ይከፍቱለት ነበር። እናም ስም መጠራቱ ብቻ አያታለን። ከታሪኩ መሃል የተወሰደ፣ ማጠቃለያው ላይ የሌለ ነገር አለ ወይ ብለን እንይ።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። 20,000 ቃላት ያሉት ምዕራፍ በወጣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስለ «ጠቅላላ ፍሰቱ» የሚያመሰግን ሰው አላነበበውም። አራተኛውና ከሁሉም የሚበልጠው ፍላጎቱ ነው። የአሁኖቹ የቋንቋ ሞዴሎች ሙሉውን ታሪክ አንብበው ስለ ሻይ ስኒውም መጻፍ ስለሚችሉ የቃላት ምልክት ብቻውን አይበቃም። የማይደበቀው የመጡበት ጉዳይ ነው። አንባቢ ስለ ታሪኩ ተናግሮ ያበቃል፤ ቢበዛ ቀጣዩን ምዕራፍ ይጠይቃል። አታላይ ግን ጸሐፊውን ከቦታው ሊያወጣው ይፈልጋል፤ ወደ ሌላ መስመር፣ ወደ ክፍያ፣ ወደ ማስፈንጠሪያ።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አጥብቄ መናገር እወዳለሁ። የተለመደ አባባል መጠቀም የማሽንነት ማስረጃ አይደለም። ወላጆቻችን ደብዳቤ ሲጽፉ «ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብለው ይጀምሩ ነበር። ይህ አባባል በማዛወር ፈተናችን ቢመዘን ወዲያው ይወድቃል፤ ለማንም ይላካልና። ነገር ግን ከዚያ የበለጠ ሰው የጻፈው ነገር የት ይገኛል? እንግሊዝኛን እንደ እኛ በትምህርት ቤት የተማረ አንባቢም በእንግሊዝኛ ታሪክ ሥር «በጣም ጥሩ ታሪክ ነው፣ አመሰግናለሁ» ብሎ ያልፋል። ቃሉ አጠረው እንጂ ስሜቱ አላጠረም። እንዲህ ያለውን ሰው «ቦት» ብሎ ማባረር ስፓሙን ከመቀበል የከፋ ስሕተት ነው። የማሽን ሙገሳ ዝም ቢባል የሚያጎድለው ጥቂት ነው። የተባረረ አንባቢ ግን ተመልሶ አይመጣም።

ስለዚህ የምመክረው ይህ ነው። ማስፈንጠሪያ ወይም የገንዘብ ጥያቄ ያለበትን ያለ ማመንታት ማጥፋትና ማሳወቅ ነው፤ በአርካይቭ ኦቭ አወር ኦውን ንግድ ክልክል ነው፤ ጸሐፊውም በገዛ ታሪኩ ሥር ያለውን አስተያየት መሰረዝ፣ ከመውጣቱ በፊት ማየት ወይም አባል ላልሆኑ መዝጋት ይችላል። ክስ የያዘውን ደግሞ መከራከር አያስፈልግም። ምንም የማይጠይቀውን፣ አጭርና ተራ የሆነውን ምስጋና ግን በመልካም እንቀበለው። ሰው ሊሆን ይችላልና።

በአጠቃላይ፣ በሂስ ትምህርታችን «ይህ ዓረፍተ ነገር ምን ይላል?» ብለን መጠየቅ ለምደናል። አሁን «ይህን ያለው ምን ፈልጎ ነው?» የሚለውንም አብረን መጠየቅ ሊኖርብን ነው። የእኛም ድርሻ ቀላል ነው። ያነበብነው ታሪክ ሥር አስተያየት ስንጽፍ ከመሃሉ አንዲት ነገር እንጥቀስ። ያን ጊዜ ጸሐፊው አንባቢ ማግኘቱን ሳይጠራጠር ያውቃል።