ማሳሰቢያ፦ የቮልስዎ ማርሚታ ሲተነፍስ

የመጨረሻዋ የጥንቷ ቮልስ ሜክሲኮ ውስጥ ከሚገኘው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። እኛ አገር ያሉት ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጧታል፤ ማርሚታቸውም ቢዝግ አይገርምም። ጩኸቱን ሠፈሩ ለምዶታል። አደጋው ያለው ሾልኮ በሚወጣው ጭስ ላይ ነው።

ከሰል በዝግ ቤት አንድዶ የተኛ ሰው የሚሞትበት ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ከቤንዚን ሞተርም ይወጣል። አይታይም፣ አይሸትም። በቮልስ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ሞተሩ ውሃ ስለሌለው የክረምቱን ብርድ የሚያስታግሰው ሙቀት የሚገኘው ከራሱ ከጭስ ቧንቧው ነው። ማራገቢያው የሚነፋው አየር ቧንቧውን በከበቡት ሁለት የማሞቂያ ሣጥኖች አልፎ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ሣጥኑ ውስጥ ያለው ቧንቧ ከተበሳ ጭሱም አብሮ ይገባል።

ማርሚታውን እቤትዎ ሊጠግኑ ካሰቡ እነዚህን ያስተውሉ።

ይህን ያድርጉ

• ሥራውን ሜዳ ላይ ይሥሩ። የጭስ መውጫው ወደ ጎረቤት በርና መስኮት አይዙር። በጋራ ግቢ የሚኖሩ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ፤ ልጆችንም ያርቁ።

• ቀዳዳውን ሞተሩ ሳይሞቅ ይፈልጉ። መጋጠሚያ ላይ ጥቁር ጥላሸት ካዩ ጭስ የሚያልፈው በዚያ ነው። ካላዩ ሞተሩ እንደተነሣ የሳሙና አረፋ ይቀቡ፤ አረፋው የሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው ነው ማለት ነው።

• መኪናው ሥር ከመግባትዎ በፊት ለጎማው ታኮ ያድርጉ፤ በጠንካራ መደገፊያም ያሳርፉት። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ሰው ሥሩ ሊተኛበት አልተሠራም።

• የዛገውን ዳዶ ከዋዜማው ጀምረው ዘይት ያጠጡት። በጉልበት ከታገሉት ብሎኑ ቴስታታው ውስጥ ይሰበራል፤ የአንድ ሰዓቱ ሥራም የሳምንት ይሆናል።

• ማርሚታውን ከፈቱ ጓርኒሲዮኑን በአዲስ ይተኩ። አሮጌው አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በውሃ አርጥበው ያንሱት እንጂ በደረቁ አይፋቁት።

• በሞተሩ ዙሪያ ያለውን የጎማ ማሸጊያ ይመልከቱ። ከተቀደደ ማራገቢያው ከሥር የሚወጣውን ጭስ ይስበዋል።

• ብየዳ ካስፈለገ ባትሪውን አስቀድመው ይፍቱ። ቮልስ ላይ ያለው ከኋላ ወንበር ሥር ነው።

ይህን አያድርጉ

• “ለአንድ ደቂቃ ብቻ” ብለው ዝግ ጋራዥ ውስጥ ሞተር አያስነሡ።

• ቀዳዳው እስኪደፈን ማሞቂያውን አይክፈቱ። ጋራዥ ድረስ መንዳት ግድ ከሆነ መስኮቶቹን ከፍተው፣ ሰው ሳይጭኑ ይሂዱ።

• በወተት ጣሳና በሽቦ የታሰረ ማርሚታ ለሁለት ቀን ያደርስ ይሆናል፤ የማሞቂያ ሣጥን ግን በጣሳም በማጣበቂያም አይጠገንም። የውስጡ ቧንቧ ከተበሳ ሣጥኑ መለወጥ አለበት።

• የጣሪያ ቆርቆሮ ቆርጠው አይበይዱ። በላዩ ያለው ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጢስ ብርድ ብርድ የሚል ትኩሳት ያመጣል።

• በዘይት የተነከረ ጨርቅና የተጣለ ጓርኒሲዮን በቦይ ወይም በእግረኛ መንገድ ላይ አይተዉ።

• መኪናውን ሲሸጡ ወይም ለዘመድ ሲያውሱ “ትንሽ ይተነፍሳል” የሚለውን ነገር አይደብቁ።

ምልክቱን ይወቁ

መንገድ ላይ ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ሲሰማዎ “ምች ነው”፣ “ቡናዬን ሳልጠጣ ወጥቼ ነው” ብለው አይለፉት። ምች መኪና ውስጥ ያሉትን ሁሉ ባንድ ጊዜ አይመታም። ሁላችሁንም አሟችሁ ከመኪናው ስትወርዱ ከቀለላችሁ፣ ምክንያቱ ጭሱ ሊሆን ይችላል። ወዲያው አቁመው ሁሉንም ያውርዱ፤ የፈዘዘ ወይም የደከመ ካለ ሐኪም ቤት ያድርሱት። ከኋላ ያለው ሕፃን ዝም ካለ ደግሞ እንቅልፍ ወስዶታል ብለው አይለፉት፤ ቀስቅሰው ያረጋግጡ።