ከዕፀዋት ስለሚዘጋጅ የፊት መታጠቢያ

ሳሙና በገበያ መሸጥ ሳይጀምር የሀገራችን ሰው በደጁ ከሚበቅለው ተክል ማጠቢያ ማዘጋጀትን ያውቅ ነበር። ከእነዚህም ዋነኛው እንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጥና በውሀ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል፤ ነጠላና ጋቢም ያነጣል። አረፋውን የሚያወጣው በፍሬው ውስጥ ያለው ሳፖኒን የሚባል ነገር ነው፤ እርሱም ቅባትን ከውሀ ጋራ እያዋሐደ እድፉን ከልብስ ያላቅቃል።

ነገር ግን ለልብስ የሚበጅ ሁሉ ለፊት አይበጅም። የእንዶድ ዱቄት ያስነጥሳል፤ ዐይንንም ያቃጥላል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ዓመተ ምሕረት ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ከዚህም የተነሣ እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ ለማጥፋት እንዲረዳ ተመረመረ። እንግዲህ ቀንድ አውጣን የሚገድል ነገር ወደ ሕፃን ዐይን እንዳይቀርብ መጠንቀቅ ይገባል።

ለፊት የሚስማሙት ለስላሳዎቹ ናቸው።

1ኛ፤ ተልባ። አንድ ማንኪያ ተልባ በሁለት ብርጭቆ ውሀ እየተማሰለ ጥቂት ይፈላል፤ ውሀው እንደ እንቁላል ነጭ ሲዝለገለግ ትኩሱን በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል። ከበረደ በኋላ ፊትን በቀስታ አሽቶ በንጹሕ ውሀ ማለቅለቅ ነው።

2ኛ፤ እሬት። ቅጠሉ ሲቈረጥ ከልጡ ሥር የሚወርደው ቢጫና መራራ ወዝ ቆዳን ያስቈጣል። ስለዚህ ወዙ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ ቅጠሉን ማቆም፥ ከዚያም ማጠብና መላጥ ይገባል፤ የሚጠቅመው በውስጡ ያለው ጥሩ ዝልግልግ ብቻ ነው።

የሎሚ ጭማቂና የጤና አዳም ወዝ ግን በፊት ላይ ሳሉ ፀሐይ ቢያገኛቸው ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላሉ። ማናቸውንም አዲስ ነገር አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ገጽ ጥቂት ቀብቶ አንድ ቀን መጠበቅ መልካም ነው። በቤት የተዘጋጀውም ቶሎ ስለሚበላሽ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ ማዘጋጀት ይሻላል።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ለመልክ ማማር ብቻ አይደለም። ትራኮማ የሚባለው የዐይን በሽታ በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል፤ ደጋግሞም ሲይዝ የዐይን ሽፋን ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ዐይናርና ንፍጥ ከሕፃኑ ፊት ከታጠበ ዝንብ የሚስበው ነገር ይጠፋል። ተልባና እሬት ባይገኙ ንጹሕ ውሀ ብቻውን ይበቃል። በታመመ ዐይን ላይ ግን የቅጠል ጭማቂ ከማንጠብጠብ ተከልክሎ ልጁን ወደ ሐኪም መውሰድ ግድ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ልጆቹ ወደ ክፍል ሳይገቡ ፊታቸውን መታጠባቸውን በየጧቱ ይመልከት፤ ሽማግሌውም በየቤቱ ለልጅ ሁሉ የራሱ መጥረጊያ ጨርቅ እንዲለይለት ይምከር።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ፤ እንዶድ ለልብስ ሲጠቅም ለፊት የማይሆነው ስለ ምንድር ነው? የአንዱ ልጅ ፊት አለመታጠብ ባልንጀራውን የሚጎዳው እንዴት ነው?