አዲስ አበባ የተመዘገበ መኪና ወደ ቆሰበር ሲዛወር፦ የቱ ግብር ይከተላል፣ የቱ ይቀራል

አዲስ አበባ የተመዘገበ አይሱዙ ወደ እንጅባራ (ቆሰበር) አምጥቶ ሊሠራበት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚያስጨንቀው «ቀረጥ እንደገና ልከፍል ይሆን?» የሚለው ነው። አይከፍልም። የጉምሩክ ቀረጥ፣ ኤክሳይዝ፣ ሱር ታክስና ተጨማሪ እሴት ታክስ መኪናው አገር ሲገባ ለፌዴራል መንግሥት አንዴ የሚከፈሉ ናቸው፤ ክልል ስለተቀየረ አይደገሙም። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ግን ሌላ ጣጣ አለው፤ የጉምሩክ ወረቀቱን ሳታይ ቀብድ አትስጥ።

ከቦታ ቦታ የሚለየው የአገልግሎት ክፍያውና የነጋዴው ግብር ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 የግለሰብ ነጋዴ ግብር የክልል ገቢ ነው። ስለዚህ ኮድ 3 የንግድ መኪናህ አዲስ አበባ ሲሠራ ለከተማው፣ ቆሰበር ሲሠራ ለአማራ ክልል ትገብራለህ። ኮድ 2 የቤት መኪና ከሆነ የሚቀጥለውን የንግድ ግብር ጉዳይ እለፈው።

እዚህ ላይ ረጋ በል። ብዙ ሰው መኪናው ሲዛወርና ሰሌዳው ሲመለስ የአዲስ አበባው ግብርም አብሮ የሚቆም ይመስለዋል። አይቆምም! ገቢዎች የሚያውቅህ በመኪናህ ሳይሆን በንግድ ፈቃድህና በቲን ቁጥርህ ነው። ፈቃዱ እስካልተሰረዘ ድረስ እዚያው እየነገድክ ነው፤ ሐምሌ ሲመጣ በግምት ይወስኑብሃል፣ መቀጫና ወለድ ይከተላል። እንጅባራም የዚያኑ ዓመት ግብር ትጠይቅሃለች። የሁለት ከተማ ደረሰኝ ይዞ ከመስኮት መስኮት መንከራተት ምን እንደሚመስል እኔን ጠይቀኝ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛባ። መጀመሪያ እስከዚያች ቀን ያለብህን ግብር ዝጋ፤ የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ስለሆነ መሀል ላይ ብትወጣም የሠራህበትን ትከፍላለህ። ቀጥሎ ንግድ ፈቃዱን አሰርዝ። ከዚያ ለመኪናው ዝውውር ከገቢዎች የግብር ክሊራንስ ጠይቅ፤ ደብዳቤው ላይ የሰሌዳ ቁጥሩና «ለፋይል ዝውውር» የሚለው መጻፉን ከመስኮቱ ሳትርቅ አንብብ። ለሌላ ጉዳይ የተጻፈ ክሊራንስ ይዘህ ብትሄድ ይመልሱሃል። እንጅባራ ላይ ፈቃድ ስታወጣ ደግሞ አዲስ ቲን እንዳታወጣ፤ ቲን አገር አቀፍ ነው፣ የድሮውን ይዘህ ግባ። እኔ ብሆን ይህን ሁሉ በጥቅምትና በኅዳር እጨርሰዋለሁ፤ ሐምሌ ላይ የግብር ሰልፍ አለ፣ ሰኔ ላይ ደግሞ ሁሉም ሒሳብ ዘጊ ነው።

ስም ሳይቀየር ፋይል ብቻ የሚዛወር ከሆነ የቴምብር ቀረጥ አያገኝህም። ከገዛኸው ግን በአዋጅ ቁጥር 110/1990 የባለቤትነት ማዛወሪያው 2 በመቶ ነው። ውሉ ላይ ዋጋ አሳንሰን እንጻፍ የሚል ደላላ ቢመጣ አትስማው፤ መሥሪያ ቤቱ የራሱን ግምት ያያል፣ ነገ ክርክር ቢነሳ ደግሞ በእጅህ ያለው ያ አነስተኛ ቁጥር ነው። የስም ዝውውሩን አዲስ አበባ ላይ ጨርሶ ፋይሉን ማስከተል ይሻላል። ሻጩ እዚያ ነውና፣ አንድ ፊርማ ጎደለ ብለህ ዓባይ በረሃን አሻግረህ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ልታስመጣው አትችልም።

ለፋይሉ ዝውውር፣ የትራፊክ ቅጣትና የባንክ ዕዳ ካለ አጽዳ፤ ከዚያ ሊብሬውን አስረክበህ ሸኚ ደብዳቤውን ተቀበል። ፋይሉ ታሽጎ ከተሰጠህ አትክፈተው። መኪና በሻንሲና በሞተር ቁጥሩ ነው የሚታወቀው። ሞተር ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ አዲስ አበባ ሳለህ አስተካክል። ለምርመራ ከመቅረብህ በፊትም ከፊት ጎማው አጠገብ ያለውን ብረት በናፍጣና በሽቦ ብሩሽ ፈትገህ የሻንሲ ቁጥሩን አውጣ፤ የቆሰበር ጭቃ ከደረቀበት 3ቱ 8 መስሎ ይነበባል።

እንጅባራ ከደረስክ በኋላ ያለው ቀላል ነው፤ ፋይሉን ለትራንስፖርት መምሪያው ማስገባት፣ ምርመራ፣ ቦሎ፣ ሰሌዳ። የሦስተኛ ወገን መድንህ ላይ ያለው ግን የድሮው ሰሌዳ ስለሆነ አዲሱ በተሰጠህ ዕለት ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቅ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ መኪናው ውስጥ አስቀምጥ።