ቀኝ መሪ ያላቸው ያገለገሉ የናፍጣ ካሚዮኖች በዕርዳታ ማጓጓዝ ሥራ

ሞያሌ ላይ ከኬንያ ወደ ኢትዮጵያ የሚሻገር ሾፌር ግራውን ይዞ ሲነዳ ቆይቶ ጥቂት እንዳለፈ ቀኙን መያዝ ይኖርበታል። ኢትዮጵያ ወደ ቀኝ አነዳድ የተዛወረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሆን፣ ሱዳንና ሶማሊያ በ1973 ተመሳሳይ እርምጃ ወስደዋል። ኬንያ፣ ኡጋንዳና ታንዛኒያ ግን እስከ ዛሬ ግራውን ይዘው ይነዳሉ። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ የከሸፉበት ድርቅ ቦረናንና ማርሳቢትን በአንድነት እንደመታ ሁሉ፣ የዕርዳታ እህል የሚጭነውም ተሽከርካሪ ብዙ ጊዜ በሁለቱም ዓይነት መንገድ ላይ ይሠራል።

ለዚህ ሥራ በርካሽ የሚገኙት ባለ አራት እግር ጎታች ካሚዮኖች አብዛኞቹ መሪያቸው በስተቀኝ ነው። ምንጮቻቸው በዋነኛነት ግራ ይዘው የሚነዱት ጃፓንና ብሪታኒያ ስለሆኑ ይህ አያስገርምም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለ ያገለገለ ካሚዮን ከባሕር ማዶ ገዝቶ ወይም በስጦታ ተቀብሎ ወደ ድርቅ አካባቢ ማሰማራት መቼ እንደሚያዋጣ፣ መቼስ ዕዳ እንደሚሆን ለማመልከት ነው።

የካሚዮኖቹ ምንጭ

በጃፓን አንድ ተሽከርካሪ ገና ብዙ ማገልገል እየቻለ ከሥራ ይወጣል። “ሻከን” የሚባለው አስገዳጅ የቴክኒክ ምርመራ ወጪው ከባድ በመሆኑ፣ ባለንብረቱ አሮጌውን ከማደስ መሸጥን ይመርጣል። በተለይ ከኦክቶበር 2003 ጀምሮ ቶኪዮና አጎራባቾቿ ሳይታማ፣ ቺባና ካናጋዋ የጢስ ደረጃ የማያሟሉ የናፍጣ ተሽከርካሪዎችን፣ የተፈቀደ ማጣሪያ ካልተገጠመላቸው በስተቀር፣ በክልላቸው እንዳይንቀሳቀሱ መከልከላቸው የውጭውን ገበያ አስፍቶታል። ከእነዚህ ተሽከርካሪዎች ከፊሎቹ በቀጥታ ወደ ሞምባሳና ዳሬሰላም ይጫናሉ፤ ሌሎቹ በዱባይ በኩል አልፈው በርበራ ይደርሳሉ። በሶማሌላንድ አነዳዱ ቀኝ ሆኖ ሳለ አብዛኛው መኪና ቀኝ መሪ ያለው መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው።

የብሪታኒያው ምንጭ ከዚህ የተለየ ነው። እዚያ ለዕርዳታ ድርጅቶች ተፈላጊ ሆነው የቆዩት ከጦር ሠራዊቱ በጨረታ የሚወጡት የቤድፎርድ ኤም ኬ ካሚዮኖች ነበሩ። አራት ቶን ይጭናሉ፤ በአራቱም እግር ይጎትታሉ፤ አሠራራቸው ቀላል ነው። በመጋዘን ብዙ ቆመው የኖሩ ስለሆኑ የኪሎ ሜትር ቆጣሪያቸው ትንሽ ያሳያል። ይህ ግን ገዢን ሊያታልል ይገባዋል ማለት አይደለም። ሃያ ዓመት የቆመ ካሚዮን ጎሚኒዎቹ ደርቀው ዘይትና ፍሬን ማፍሰሱ፣ ጎማውም ሳይነዳ መሰነጣጠቁ የታወቀ ነው። ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ በጎኑ ላይ የታተሙት አራት አሃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ስለሚናገሩ፣ ይህን ማየት የደቂቃ ሥራ ነው። ከዚህም ሁሉ በላይ የቤድፎርድ የካሚዮን ሥራ በ1986 ተዘግቶ፣ የተረከበው ኩባንያም በ1992 በመክሰሩ፣ መለዋወጫው ከዓመት ወደ ዓመት እየመነመነ ሄዷል።

የሁለቱም አገር ካሚዮኖች በክረምት ጨው በሚበተንባቸው መንገዶች ላይ የሠሩ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ከሞተሩ በፊት ሻንሲው መታየት አለበት። ሞተር ይታደሳል። በዝገት የተበላ ሻንሲ ግን ቀለም ተቀብቶ ቢመጣም አርባ ኩንታል ጭኖ በኮረኮንች ላይ ሲነዳ ይሰበራል።

ሕግን በሚመለከት አገሮቹ አይመሳሰሉም። ኬንያ ከተመዘገበ ከስምንት ዓመት ያለፈውን ተሽከርካሪ አታስገባም፤ ግራ መሪ ያለውንም ለልዩ አገልግሎት ካልሆነ አትቀበልም። ኢትዮጵያ ደግሞ በ2020 ባወጣችው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር የሚከፈልበትን ታክስ ከፍ አድርጋለች፤ በ2024 መጀመሪያም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ወስናለች። በመሆኑም ካሚዮኑ ከመገዛቱ በፊት የሚመለከተውን የትራንስፖርትና የጉምሩክ መሥሪያ ቤት ፈቃድ በጽሑፍ መያዝ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ሳይገኝ ዕቃው ወደብ ላይ ከደረሰ በየቀኑ የሚቆጠረው የወደብ ኪራይ ርካሹን ዋጋ ይበላዋል።

መሪው በስተቀኝ ሲሆን

ብዙ ሰው ቀኝ መሪን ቀኝ ተይዞ በሚነዳበት አገር ውስጥ እንደ ጉድለት ብቻ ይመለከተዋል። ጉዳዩ ግን እንዲህ የተቆረጠ አይደለም። ጣሊያን ቀኝ ይዛ የምትነዳ አገር ሆና ሳለ የካሚዮን ፋብሪካዎቿ ለረጅም ዘመን መሪውን በስተቀኝ ያደርጉ ነበር። ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ ከገደሉ አፍ ጎን ተቀምጦ የውጪው ጎማ የሚረግጠውን እንዲያይ በማሰብ ነው። በኢትዮጵያ “ኤንትሬ” እየተባለ የተወደደው ፊያት 682ም የዚሁ ዘመን ልጅ ነው። ጠባብና ዳርቻው በጎርፍ የተሸረሸረ የገጠር መንገድ ላይ፣ በሰዓት ሃያ ኪሎ ሜትር ለሚጓዝ የእህል ካሚዮን፣ ይህ ጥቅም ዛሬም አለ።

አደጋው የሚመጣው በአስፋልት ላይ ነው። በቀኝ የተቀመጠ ሾፌር ከፊቱ ያለውን ተሳቢ ለመቅደም ሲፈልግ፣ ከወዲያ የሚመጣውን ማየት የሚችለው የካሚዮኑን ግማሽ አካል ወደ ተቃራኒው መስመር ካወጣ በኋላ ነው። ረዳቱ በግራ ወንበር ተቀምጦ “እለፍ” ወይም “ቁም” እያለ ዓይን እንዲሆነው ይገደዳል። የረዳቱ አንድ ጊዜ ማንቀላፋት ስንት ነፍስ እንደሚያስከፍል ማስላት አያስፈልግም። ስለዚህ እንዲህ ባለ ካሚዮን በዋና መንገድ ላይ መቅደም በደንብ ሊከለከል፣ የሌሊት ጉዞም ሊቀር ይገባል።

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የፊት መብራት ነው። ግራ ለሚይዝ አገር የተሠራ መብራት ዝቅ ሲደረግ ብርሃኑ ወደ ግራ ጠርዝ ከፍ ይላል። ይኸው መብራት ቀኝ በሚያዝበት መንገድ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል፤ የራሱን ዳር ግን በጨለማ ይተወዋል። መብራቱ መለወጥ አለበት። መስተዋትም ቢሆን በግራ በኩል ትልቅና ወደ ውጭ የወጣ ሊሆን ይገባል።

መሪውን ወደ ግራ ማዛወር እንደ መፍትሔ ይነሳል። ሥራው ግን መሪውን ነቅሎ ከመትከል እጅግ የሰፋ ነው፤ የመሪው ሳጥን፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መርገጫዎች፣ የፍሬኑ ዋና ፓምፕና የሽቦው መስመር በሙሉ ወደ ሌላኛው ጎን መሄድ አለባቸው። ለግራ መሪ በፋብሪካ የተሠራው ዕቃ ተሟልቶ ሲገኝ ሥራው በደህና ይጠናቀቃል። ዕቃው ጠፍቶ በብየዳ የተቀጠለ የመሪ ዘንግ ያለው ካሚዮን ግን በቁልቁለት ላይ ሊለቅ የሚችል ነውና፣ በእንዲህ ያለ ሁኔታ መሪውን ባለበት መተው ይሻላል።

ሞተሩ፣ ነዳጁና ጭቃው

ከአሮጌዎቹ የናፍጣ ሞተሮች የሚበልጠው ነገር የነዳጅ ፓምፓቸው ያለ ኤሌክትሮኒክስ በመካኒካል መንገድ ብቻ መሥራቱ ነው። በላንድክሩዘር ላይ ከ1990 ጀምሮ የገባው ባለ ስድስት ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ሞተር በየጋራዡ የሚታወቀው በዚህ ጠባዩ ነው። በርሜል ለበርሜል የተገለበጠ፣ አቧራና ውሃ የነካው ናፍጣ እንዲህ ያለውን ሞተር ያስቸግረዋል እንጂ ወዲያው አያቆመውም፤ ፊልትሮው በጊዜው ከተለወጠለት ይጓዛል። ለጃፓን ወይም ለአውሮፓ አዲስ የጢስ ደንብ የተሠራው ግን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ፣ ሰልፈሩ ያነሰ ንጹሕ ናፍጣ የሚሻ ነው። አዲሱ ካሚዮን ሁልጊዜ ከአሮጌው ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ዲፖው ሳይታይ መነገር የለበትም።

ከፍታም ይቆጠራል። በ2400 ሜትር ላይ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያ መጠን ጉልበቱ ሲቀንስ፣ ያልተቃጠለው ናፍጣ ጥቁር ጢስ ሆኖ ይወጣል። ለሞምባሳ ቆላ የተስተካከለ ፓምፕ ወሎ ደጋ ላይ ሲወጣ በመካኒክ ሊቀነስ ያስፈልጋል።

በአራቱም እግር መጎተት የሚያስፈልገው በክረምት በዋልካ አፈር ላይ፣ በአሸዋማ ወንዝና በድንጋያማ አቀበት ነው። በደረቅ አስፋልት ላይ የፊቱ እግር ሳይፈታ የሚነዳ ካሚዮን የፊትና የኋላ ዲፈረንሻሎቹ እርስ በርስ እየተጠማዘዙ ካምቢዮውን ይጎዳሉ፤ ጎማውንም ይበላሉ። አዲስ ሾፌር የሚሰጠው የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ሊሆን ይገባል። ከወታደራዊ ካሚዮኖችና ከብዙዎቹ የጃፓን ካሚዮኖች አንጻር ሌላው ጥንቃቄ ኤሌክትሪኩ ባለ 24 ቮልት መሆኑ ነው። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ የተያያዙ ስለሆኑ፣ ከአንደኛው ብቻ ተቀንሶ ሬዲዮ ሲገጠም ሁለቱም በአጭር ጊዜ ይሞታሉ።

የአንድ መንደር ሒሳብ

ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ግራም እህል ቢታሰብ፣ ሁለት ሺህ ነዋሪ ያለው የሠፈራ መንደር በወር 300 ኩንታል ያስፈልገዋል። አርባ ኩንታል የሚጭን ካሚዮን ይህን ለማድረስ ስምንት ጊዜ መመላለስ አለበት። ደርሶ መልሱ ሦስት ቀን የሚፈጅ ከሆነ ሃያ አራት ቀን ይሄዳል፤ ለጥገናና ለዕረፍት የሚተርፈው ስድስት ቀን ብቻ ነው። አንድ የውሃ ፓምፕ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ካሚዮኑ አሥራ ሁለት ቀን ቢቆም፣ ከስምንቱ ምልልስ ሁለቱ ይቀራሉ። በዚህም ከሚያስፈልገው እህል ስድሳ ኩንታል ወይም የአራት መቶ ሰዎች የወር ቀለብ ይጎድላል። በግዢ ወቅት ተቆጠበ የተባለው ገንዘብ መመዘን ያለበት ከዚህ ጋር ነው።

በ1980ዎቹ አጋማሽ ስድስት መቶ ሺህ ያህል ሰው ከሰሜን ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ በተጓዘበት የሠፈራ ዘመን ሠፋሪዎቹ ከዋና መንገድ ርቀው ስለነበር፣ ተመሳሳይ ሒሳብ በየጣቢያው ይሠራ ነበር።

ስለዚህም የተለያየ ስም ያላቸውን አሥር ካሚዮኖች በስጦታ ከመቀበል፣ አንድ ዓይነት የሆኑ አምስቱን መግዛት ይመረጣል። አምስቱ አንድ ዓይነት ከሆኑ ስድስተኛ አሮጌ ገዝቶ እየፈቱ ለመለዋወጫ መጠቀም ይቻላል፤ መካኒኩም አንድ ሞተር ብቻ ማወቅ ይበቃዋል። ለጋሾች ይህን ሲነገራቸው ቅር የሚላቸው ጊዜ አለ፤ ቅሬታው ግን ከቆመ ካሚዮን ይቀላል። ከእያንዳንዱ ካሚዮን ጋር በዚያው መርከብ መምጣት ያለባቸው የናፍጣና የዘይት ፊልትሮዎች፣ የፍሪሲዮን ዲስክ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የራዲያተር ቱቦዎች፣ የቬንትሌተር ቺንጊያዎች፣ የባሌስትራ ዋና ቅጠሎችና የሞተሪኖ መለዋወጫ ናቸው። የመለዋወጫውም ቁጥር ከሞተሩና ከሻንሲው ቁጥር ጋር ተመሳክሮ መታዘዝ አለበት፤ ለጃፓን የውስጥ ገበያ የተሠራው ሞዴል ለውጭ ከተሠራው ጋር በስም አንድ ሆኖ በዕቃ የሚለይበት ጊዜ አለና።

ድንበር ለሚሻገር ካሚዮን የኮሜሳ ቢጫ ካርድ መድን፣ የጊዜያዊ ማስገቢያ ሰነድና በሁለቱም አገር ቋንቋ የተጻፈ የጭነት ዝርዝር በካቢናው ውስጥ ይቀመጣሉ። ሞያሌ ላይ ከመሻገሩ በፊት ሾፌሩ ወርዶ የግራውን መስተዋት ያስተካክላል፤ ረዳቱም ወደ ግራው ወንበር ይዛወራል።