«ቡታድራ» እንዳይሆን፦ በጋሻ አርማ ላይ ጽሑፍ ስናስቀምጥ

ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ የሰፈር ቡድን ሲቋቋም ከኳሱና ከማሊያው ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ አርማ ነው። አርማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጋሻ ነው፤ መሐሉ ላይ እንሰት ወይም ኳስ፣ ዙሪያውን ስም፣ ግርጌው ላይ ዓመተ ምሕረት። ሥዕሉ ብዙም አያስቸግርም፤ የሚበላሸው ጽሑፉ ነው። እኔ ያሠራሁት ማሊያ ከጥልፍ ቤት ሲመጣ የ«ጅ» አናት ከአካሏ ጋር ተጣብቆ ከተማችን «ቡታድራ» ሆና አገኘኋት። ሠላሳውም ማሊያ ላይ።

መጀመሪያ፣ ኮምፒውተር ሳትከፍቱ ቃላቱን ወረቀት ላይ ጻፉና ቀንሱ። በአውሮፓውያን የቆየ ልማድ የጋሻው ፊት የሥዕል ነው፤ መፈክር ካለ ከሥር በሪባን ላይ ይጻፋል። ምክንያቱም ጋሻ ከሩቅ የሚታወቀው በቅርፅና በቀለም እንጂ በንባብ አይደለም። ለእኛም ያው ነው። የወልቂጤ ከተማ ክለብ «ሠራተኞቹ» ተብሎ ይጠራል፤ ሪባን የሚሸከመው ይህን ያህል ነው፣ አንድ ቃል። ዐረፍተ ነገር የሚያክል መፈክር ካላችሁ ለባነር አስቀምጡት።

ስሙን በአማርኛና በእንግሊዝኛ ለመጻፍ ካሰባችሁ ቦታውን በእንግሊዝኛው ለኩ። «ቡታጅራ» አራት ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ ስምንት ይሆናል። የተረፈውን ቦታ አማርኛውን ለማወፈር ተጠቀሙበት።

ቀጥሎ የፊደል ቅርፅ (ፎንት) ምረጡ። ኒያላ ለመጽሐፍ ያማረ ነው፤ ግን ወፍራምና ቀጭን መስመር ስለሚያፈራርቅ ቀጭኑ በክር አይወጣም። ለአርማ መስመሩ እኩል የሆነ ወፍራም ቅርፅ ይሻላል፤ በነፃ የሚገኘው ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ለምሳሌ። በጉራጊኛ የምትጽፉ ከሆነ ግን አስቀድማችሁ ፈትሹ። እንደ ⷐ እና ⷘ ያሉት ፊደላት ወደ ዩኒኮድ (የኮምፒውተር ፊደላት መለያ ሥርዓት) የገቡት በ2005 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሌሎች የጉራጊኛ ፊደላት ደግሞ በ2021 ተጨመሩ። የቆየ ፎንት አያውቃቸውም፤ በፊደሉ ፈንታ ባዶ ሳጥን ያወጣል። ያኔ አዲሱን የአቢሲኒካ ኤስአይኤል ዕትም ሞክሩ።

አሁን ወደ ጋሻው። አናቱ ሰፊና ጠፍጣፋ ከሆነ ስሙን እዚያው ቀጥ አድርጋችሁ ጻፉት፤ ማጉበጥ ግዴታ አይደለም። ሹል ግርጌው ላይ ከዓመቱ በቀር ምንም አታስገቡ። (እኔን ብትጠይቁኝ የእኛው ክብ የቆዳ ጋሻ ለጽሑፍ ይበልጥ ይመቻል፤ ዙሪያው ሁሉ መጻፊያ ነው። ሹሉን ለምን እንደወደድነው አይገባኝም።)

ካጎበጣችሁት አንድ ነገር ልብ በሉ። ጽሑፉ እንደ ቀስተ ደመና ሲጎብጥ አናቶቹ ይራራቃሉ፣ እግሮቹ ይጠጋጋሉ። በእኛ ፊደል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ድምፁን የሚለየው እግሩ ነው፦ የ«ጤ» ቀለበት በክር ከተደፈነ ወልቂጤ «ወልቂጢ» ይሆናል። ወደ ታች ሲጎብጥ በተቃራኒው አናቶቹ ይጋጫሉ፤ ያኔ የሚጎዳው «ጅ» ነው። ስለዚህ በፊደላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ዓይናችሁ ከለመደው በላይ አስፉት። በኢንክስኬፕ የሥዕል ፕሮግራም ክብ ወይም ቅስት ሣሉ፤ ጽሑፉንና መስመሩን አንድ ላይ ምረጡ፤ ከ«ቴክስት» ዝርዝር ውስጥ «ፑት ኦን ፓዝ» የሚለውን ተጫኑ።

ዓመቱን በግዕዝ አኃዝ መጻፍ ያምራል፤ ነገር ግን ከ፳፻፲፯ በላይና በታች ያሉት ሰረዞች በትንሽ መጠን ይደፈናሉ። 2017 ብላችሁ «ዓ.ም.» ጨምሩበት፤ እንግሊዝኛ አጠገቡ ካለ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ያምታታልና።

ለቀለም የድሮዎቹ አርማ ሠሪዎች ሕግ ይበቃል፦ ቢጫና ነጭ አንድ ወገን፣ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ጥቁር ሌላ ወገን። ጽሑፉና መደቡ ከአንድ ወገን አይሁኑ። ቀይ መደብ ላይ አረንጓዴ ስም ስንቱን አርማ አበላሽቷል!

ከዚያ በማሊያው ላይ በሚኖረው ልክ፣ 7 ወይም 8 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ በጥቁርና ነጭ አትሙት። ለጥልፍ ከሆነ እኔ የፊደሉን ቁመት ከ7 ሚሊ ሜትር በታች አላወርድም። ቡድኑን የማያውቅ ሰው ሦስት እርምጃ ርቆ እንዲያነብላችሁ አድርጉ፤ እናንተ ስሙን ስለምታውቁት ዳኛ መሆን አትችሉም።

ፋይሉን ለማተሚያ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት ጽሑፉን ወደ ቅርፅ ለውጡት፤ በኢንክስኬፕ «ኦብጀክት ቱ ፓዝ»፣ በኮረል ድሮው ኮንትሮልና ኪው። አለበለዚያ በእነሱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ሌላ ይተካበታል። የሚታረመውን ቅጂ ግን ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ቅርፅ የሆነ ጽሑፍ ተመልሶ አይተየብም። ጠላፊውም አንድ ናሙና ብቻ ይሥራ፤ «ጅ»ዋን በጣታችሁ ነክታችሁ ካያችኋት በኋላ ቀሪውን ሃያ ዘጠኝ ይቀጥል።