ትኩሳትን ያለ ምርመራ መለየት ለምን ያስቸግራል?

ትኩሳት የበሽታ ምልክት እንጂ ራሱ በሽታ አይደለም። በወረርሽኝ ወቅት ትኩሳት ያለበትን ሰው ሁሉ የወረርሽኙ ሕመምተኛ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው። በአንጻሩም «የተለመደው ወባ ነው» ብሎ መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ሕይወትን ለአደጋ ያጋልጣል።

የሰሜን ሸዋ ምሳሌ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ብርዳማ ከተማ ናት። ብርድ በሚበረታበት ደጋ ሰዎች ልብስ ይደራርባሉ፤ ተጠጋግተውም ይተኛሉ። ውሃና ማገዶ ሲያጥር ልብስ ቶሎ ቶሎ አይታጠብም። ይህም ግርሻንና ታይፈስን ለሚያስተላልፈው የልብስ ቅማል ይመቻል። በሌላ በኩል ከአንኮበር በስተምሥራቅ ያለው ቁልቁለት የወባ ትንኝ ወደምትራባበት ሞቃታማ ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ ለገበያ ወይም ለሥራ ቆላ ወርዶ የተመለሰ ሰው ትኩሳት ቢይዘው ሕመሙ ወባ፣ ግርሻ፣ ታይፈስ ወይም ኮቪድ-19 ሊሆን ይችላል። ሁሉም ራስ ምታትና ቁርጥማት ያስከትላሉ፤ ሳልም ቢሆን የኮቪድ-19 ብቻ ምልክት አይደለም።

ምርመራው የሚያሳየው

የደም ናሙና በመስታወት ላይ ተቀብቶ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የወባ ጥገኛ ተሕዋስያንንም ሆነ የግርሻን ጠመዝማዛ ባክቴሪያ መለየት ይቻላል። የወባ ፈጣን ምርመራ ግን ግርሻን አያሳይም። ታይፈስ በማይክሮስኮፕ የደም ምርመራ አይታይም፤ ኮቪድ-19 ደግሞ ከአፍንጫ ወይም ከጉሮሮ በሚወሰድ ናሙና ይመረመራል።

የግርሻ ትኩሳት ከጥቂት ቀናት በኋላ ይበርዳል፤ ሕመምተኛው የዳነ ሲመስለው ተመልሶ ያገረሽበታል። ትኩሳቱ በበረደበት ጊዜ ባክቴሪያው በደም ውስጥ ላይታይ ስለሚችል፣ ምርመራው ትኩሳቱ ሳይለቅ መደረጉ ይመረጣል።

የምርምር ትምህርት

የግርሻ ሕመምተኛ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ከወሰደ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርቱ መንቀጥቀጥና ከፍተኛ ትኩሳት ሊነሣበት፣ የደም ግፊቱም ሊወርድ ይችላል። ይህን ለመረዳት በአዲስ አበባ በ49 የግርሻ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1996 ታትሟል። ከፔኒሲሊን በፊት፣ ሰውነት የሚያመነጨውን ቲኤንኤፍ የተባለ ንጥረ ነገር የሚገታና ከበግ የተዘጋጀ ፀረ እንግዳ አካል ከተሰጣቸው 20 ሰዎች መካከል መንቀጥቀጡ የደረሰባቸው 10 ነበሩ። ካልተሰጣቸው 29 ሰዎች ግን በ26ቱ ላይ ደርሷል።

ዝግጅቱ የዘወትር ሕክምና ባይሆንም፣ አደጋው የሚመጣው ከባክቴሪያው ብቻ ሳይሆን ሰውነት ራሱ ከሚሰጠው ምላሽ ጭምር መሆኑን አሳይቷል። በመሆኑም የግርሻ ሕመምተኛ ሕክምና ሲጀምር በባለሙያ ክትትል ሥር መቆየት አለበት። መድኃኒቱን በቤቱ በግምት የወሰደ ሰው የደም ግፊቱ ቢወርድ የሚደርስለት ባለሙያ አያገኝም።

ኅብረተሰቡ ሊፈጽማቸው የሚገቡ ተግባራት

1. ትኩሳት የያዘው ሰው የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።
2. በቅርቡ ወደ ቆላ ወርዶ ከነበረ፣ ቅማል ካለበት ወይም በቤቱ ሌላ ሕመምተኛ ካለ ለባለሙያው ይንገር።
3. የአንድ በሽታ ምርመራ ነጻ መሆኑን ቢያሳይም ሌላ በሽታ ሊኖር ስለሚችል፣ ሕመሙ ከቀጠለ ተመልሶ ይታይ።
4. የግርሻ ሕክምና ከተጀመረለት ባለሙያው ሳይፈቅድለት ወደ ቤቱ አይመለስ።
5. ቅማል ያለበት ልብስና ብርድ ልብስ በፈላ ውሃ ይቀቀል። የግርሻ ባክቴሪያ ከተጨፈለቀ ቅማል በተቧጨረ ቆዳ በኩል ስለሚገባ ቅማልን በጥፍር መጨፍለቅ አይገባም።

ማስታወሻ፦ የትኩሳት መብረድ የመዳን ማረጋገጫ አይደለም። መድኃኒት ከመወሰዱ በፊት ምርመራ ይቅደም።